መልቀቂያ መቼ ይገባል? የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያና ከኋላው ያለው ስሌት

ሥራ ሊለቅ የወሰነ ሰው ምክር ሲጠይቅ ሦስት ዓይነት መልስ ያገኛል። አንዱ «አዲሱን ደብዳቤ እጅህ እስክታስገባ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» ይለዋል። ሌላው «ነገ ለሥራ ልምድ እዚያው ቤት ትመለሳለህ፤ አለቃህን ቀድመህ አማክር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ደመወዝህን ተቀበልና ጥፋ፤ ማን ሊከስህ?» ባይ ነው። ሦስቱም ምክሮች ከልምድ የመጡ ናቸው፤ ሦስቱንም ተከትሎ የተሳካለት ሰው አይጠፋም። ምክሮቹ የሚጋጩት መካሪዎቹ ስለ አንድ ነገር ስለማያወሩ ነው። የመጀመሪያው ስለ ደኅንነት፣ ሁለተኛው ስለ ሰው ፊት፣ ሦስተኛው ስለ ሕግ አቅም ነው የሚናገረው። በዚህ ዳሰሳ ሕጉን፣ የቀን አቆጣጠሩን፣ ገንዘቡን፣ አለቃውንና የሙያውን ጠባይ በየተራ እያየን የትኛው ምክር የት ላይ እንደሚሠራ እንለያለን።

ሕጉ የሚለው

በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራውን አብዛኛውን ሰው የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ለምን እንደሚለቅ እንዲያስረዳ አይገደድም፤ የአሠሪው ይሁንታም አያስፈልገውም። «መልቀቂያ ጠይቄ ከለከሉኝ» የሚል ቅሬታ በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። በዚህ አዋጅ ሥር ያለ ሠራተኛ ግን የሚጠብቀው ፈቃድ የለም፤ አሳውቆ፣ ቀኑን ቆጥሮ ይሄዳል።

የሠራተኛው 30 ቀን በአገልግሎት ዘመን አይረዝምም። ሁለት ዓመት የሠራም ሃያ ዓመት የሠራም እኩል ነው። አሠሪው ሲያሰናብት ግን መለኪያው ይለያል፤ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለቆየ ሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የተደረገ ከሆነ የማስጠንቀቂያው ጊዜ በራሱ በውሉ የሚወሰን ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን የቅጥር ውል አውጥቶ ማንበብ ነው።

በሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የሙከራ ጊዜ በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ከ45 ተከታታይ ቀናት አይበልጥም ነበር፤ በአሁኑ እስከ 60 የሥራ ቀናት ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል።

ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት የሚፈቀድበት ሌላም በር አለ። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ሠራተኛው ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከደረሰበት፣ ለደኅንነቱ አስጊ የሆነ አደጋ ተነግሮት አሠሪው ዝም ካለ፣ ወይም መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ አንቀጽ 32 ወዲያውኑ እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ሁለት ነገሮች ግን ይጠበቁበታል። ምክንያቱንና የሚለቅበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ መብቱም ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካበቃ በኋላ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይቀርበታል። ደመወዝ በተደጋጋሚ ስላልተከፈለው ተናድዶ ዝም ብሎ የቀረ ሠራተኛ ይህን መብት በእጁ ይዞ ያጣል፤ በመዝገቡ ላይ የሚታየው መቅረቱ ብቻ ነውና።

«ጥፋ» የሚለው ምክርስ? አንቀጽ 45 ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሳ እንዲከፍል ይላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። መካሪው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ሕጉ የሚጥለው ቅጣት ጣሪያ አለው። ያላሰበው ነገር የጠፋ ሰው ክሊራንስ፣ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለመውሰድ ወደዚያው ቢሮ ሲመለስ የሚጠብቀውን ፊት ነው።

አዋጁ የማይመለከታቸው ሰዎችም አሉ። የሥራ መሪ ተብሎ የተቀጠረ ሰው በዚህ አዋጅ አይተዳደርም፤ በውሉና በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሥራ አስኪያጅ ወይም መምሪያ ኃላፊ «ሕጉ 30 ቀን ነው» ብሎ ከመተማመኑ በፊት የፈረመውን ይመልከት። የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይጠይቅ ነበር፤ ሠራተኛው በቀላሉ የማይተካ ከሆነም የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እስከ ሦስት ወር ሊያቆየው ይችል ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ አዋጅ ስለመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመለከተውን ድንጋጌ ከሰው ሀብት ክፍሉ ማረጋገጥ አለበት።

ቀኑ የሚቆጠረው ከየት ነው?

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ በእጅ መሰጠት ወይም ቢሮው መድረስ አለበት። በሻይ ሰዓት «ልለቅ ነው» ማለት ቀን አያስቆጥርም። በቴሌግራም የተላከ መልእክትም ክርክር ሲነሳ አያስተማምንም። ደህናው መንገድ የታወቀ ነው። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል፤ አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎ በሠራተኛው እጅ ይቀራል። «አለቃው ሳያዩት አልቀበልም» የሚል መዝገብ ቤት ካጋጠመ በሪኮማንዴ ፖስታ ልኮ ደረሰኙን መያዝ ነው።

ደብዳቤው ራሱ አጭር ቢሆን ይመረጣል። ጉዳዩ «የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት»፤ ውስጡ ከመቼ ጀምሮ በምን የሥራ መደብ እንደሠሩ፣ ውሉን በፈቃድዎ እንደሚያቋርጡ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን የትኛው እንደሆነ፣ ርክክብ ለማድረግ ዝግጁ መሆንዎን፣ በስተመጨረሻም ምስጋና። ብሶት እዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። በአንቀጽ 32 የሚለቅ ሰው ብቻ ምክንያቱን በግልጽ ይጽፋል።

ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ስሌቱን ያቀልለታል፤ ጥር 10 የገባ ደብዳቤ፣ ማግስቱ የሥራ ቀን ከሆነ፣ የካቲት 10 ያበቃል። ጳጉሜን ግን ታዛባዋለች። ነሐሴ 20 ቀን 2016 የገባ ደብዳቤን እንቁጠር፤ ከነሐሴ 21 እስከ 30 አሥር ቀን፣ ጳጉሜን አምስት፣ ከመስከረም 1 እስከ 15 አሥራ አምስት። መስከረም 20 ይመስል የነበረው የመጨረሻ ቀን መስከረም 15 ላይ ያርፋል። አምስት ቀን ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? አንዳንዴ ብዙ ያመጣል።

ገንዘቡ

የአንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ጥቅምት 3 ቀን 2012 ተቀጥራለች፤ ደመወዟ 15,000 ብር ነው። አዋጁ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም የስንብት ክፍያ እንዲያገኝ ይላል፤ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ የሌለበት እንደሆነ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ይህች ሴት ደብዳቤዋን ነሐሴ 20 ቀን 2016 ብታስገባ ውሏ መስከረም 15 ቀን 2017 ያበቃል፤ አምስት ዓመቷ አልሞላም። 23 ቀን ታግሣ መስከረም 8 ብታስገባ ግን ጥቅምት 8 ላይ ትወጣለች፤ አምስቱን አልፋለች። ስሌቱ 15,000 እና አራት ጊዜ 5,000፣ በድምሩ 35,000 ብር ነው፤ ከግብር በፊት። የጡረታ ወይም የፕሮቪደንት ፈንድ ባለመብትነት በዚህ ክፍያ ላይ ክርክር ስለሚያስነሳ ከመቁጠሯ በፊት የድርጅቷን አሠራርና የሕግ ባለሙያ ብትጠይቅ ይበጃታል። ሦስት ሳምንት ከመጠበቅ የሚገኝ ይህን የሚያህል ገንዘብ ካለ ግን ጥድፊያው ለምን ይሆን?

ሌላው የሰኔ ማለቂያ ነው። በባንኮችና በኢንሹራንሶች የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በዚያ ሰሞን ነው፤ ቦነስና ጭማሪ የሚታወቀው ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። በግንቦት ልባቸው የወጣ የባንክ ሠራተኞች ደብዳቤያቸውን እስከ ክረምት የሚያቆዩት ለዚህ ነው። የቤቱ መመሪያ ቦነስ የሚከፈለው በክፍያው ዕለት በሥራ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው የሚል ከሆነ፣ የመጨረሻው የሥራ ቀን ከዚያ ማለፉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በሠራተኛነቱ በቅናሽ ወለድ የወሰደው የቤት ወይም የመኪና ብድር ያለበት ሰው ሲለቅ ወለዱ ወደ ገበያው ተመን ከፍ ሊል፣ ወይም ብድሩን እንዲያጠናቅቅ ሊጠየቅ ይችላል። ይህን የሚያውቀው ደብዳቤውን ካስገባ በኋላ ከሆነ ዘግይቷል።

ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም ገንዘብ ነው። በአዋጁ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ውሉ ሲቋረጥ ያልተጠቀሙበት ቀን ወደ ገንዘብ ይቀየራል። ፈቃዱን በማስጠንቀቂያው ወር ውስጥ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ግን ከአሠሪው ጋር መስማማት አለበት፤ አሠሪው ያን ወር የሚፈልገው ለርክክብ ነውና።

ውሉ ካበቃ በኋላ ሠራተኛው የሚገባው ሁሉ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ወይም ገንዘብ ባለመመለሱ ከዘገየ ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍለው ይችላል። ከመውጣት በፊት አንድ ነገር መጣራት አለበት፤ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በትክክል ገቢ ስለመሆኑ። ሠራተኛ ሆነው ሲጠይቁ በአንድ ቀን የሚገኝ መልስ ከወጡ በኋላ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

በሁለት ወረቀቶች መካከል

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ ቀጣሪ በስልክ «ተቀብለንሃል፤ በሳምንት ውስጥ ግባ፤ መልቀቂያህን ይዘህ ና» ይላል። የድሮው ቀጣሪ መልቀቂያ የሚሰጠው 30 ቀኑ አልቆ ክሊራንስ ሲጨርስ ነው። ሠራተኛው በስልክ ቃል ተማምኖ ደብዳቤ ያስገባል። በሦስተኛው ሳምንት «በጀቱ አልጸደቀም» ወይም «ሌላ ሰው አገኘን» የሚል ይመጣል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይህ ነው። ደብዳቤ ከገባ በኋላ «ተውኩት» ለማለት ደግሞ የአሠሪውን በጎ ፈቃድ መለመን ይከተላል፤ ቦታው ለሌላ ከተሰጠ ሰውየው ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

መፍትሔው የወረቀቱን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። ከአዲሱ ቤት የሚያዘው ወረቀት የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ይሁን፤ የሥራ መደቡ፣ ደመወዙና ሥራ የሚጀመርበት ቀን ይጻፍበት። የመጀመሪያው ቀን ከዛሬ ቢያንስ አምስት ሳምንት ይራቅ፤ 30 ቀኑ ለማስጠንቀቂያ፣ የቀረው ለክሊራንስ። «በሳምንት ካልገባህ አንፈልግህም» የሚል ቀጣሪ ሠራተኛውን ሕግ እንዲጥስ እየጠየቀው ነው፤ ነገ ከእሱም ቤት እንዲሁ ተብሎ ሊለቀቅበት እንደሚችል ቢረዳ ጥሩ ነው።

ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ራሱ ቀን ይበላል። አንድ ገጽ ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ የፊርማ ቦታ ይኖረዋል፤ ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ አይቲ፣ መዝገብ ቤት፣ የብድርና ቁጠባ ማኅበር፣ የቅርብ ኃላፊ፣ የሰው ሀብት። አንዱ ፈራሚ ለመስክ ከወጣ ወረቀቱ ይቆማል። ስለዚህ መዞር የሚጀመረው በመጨረሻው ዕለት ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ላፕቶፕ፣ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ያልተወራረደ የአበል ሒሳብ ቀድመው ይመለሱ። ገንዘብ ያዥ ወይም ስቶር ኪፐር ከሆኑ ደግሞ ቆጠራ ተደርጎ በቃለ ጉባኤ ካልተፈረመ ለዋስዎም ዕረፍት የለም።

አለቃው

«ቀድመህ አማክር» የሚለው ምክር የሚሠራው አለቃው ማን እንደሆነ ከታወቀ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የለቀቁ ሰዎች እንዴት እንደተሸኙ ማየት ይበቃል። ኬክ ተቆርጦ፣ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጥቶ የተሸኙበት ቤት ከሆነ ከደብዳቤው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በቃል መንገር ጨዋነት ነው። የለቀቀ ሁሉ «ከሃዲ» ተብሎ በማግሥቱ ኮምፒውተሩ የተዘጋበት ቤት ከሆነ ግን አለቃው ደብዳቤውንና ዜናውን በአንድ ቀን ይስማ። በሁለቱም ቤት ቢሆን አለቃው ከባልደረባ ወሬ መስማት የለበትም፤ ቅሬታው በአብዛኛው ከመልቀቁ ይልቅ ከዚህ ይወለዳል።

ደብዳቤው ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጭውውት ይህን ይመስላል።

«ስንት ጨመሩሽ?»

«ጋሼ፣ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።»

«እኔም እጨምርልሻለሁ፤ ደብዳቤሽን ውሰጂው።»

እዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን። የሚለቁት ለገንዘብ ብቻ ከነበረና የተባለው ጭማሪ ቀን ተጽፎበት በደብዳቤ ከመጣ መቀበል ነውር አይደለም። የሚለቁት ለእድገት፣ ለጤና ወይም ለአለቃው ጠባይ ከሆነ ግን ጭማሪው ወሩን ያራዝመው ይሆናል እንጂ ችግሩን አይነካውም። በቃል የተሰጠ ጭማሪ ይዞ ደብዳቤ መመለስ ከሁሉም የከፋው ነው፤ አዲሱን ቤት አሳዝኖ በድሮውም ቤት «ሊሄድ የነበረው» ተብሎ መቅረት ነው።

የማስጠንቀቂያው ወር ሲጀምር ውሉ አልሞተም። የሁለቱም ወገን ግዴታ እስከ መጨረሻው ቀን የጸና ነው፤ ሠራተኛው ይሠራል፣ አሠሪው ይከፍላል። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የተባለ ሰው ያን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ አለበለዚያ በኋላ «ቀረ» ሊባል ይችላል።

ሙያው ሲለይ

30 ቀን ለሁሉም ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም። የግል ትምህርት ቤት መምህር ለተማሪዎቹ ብሎ የሚያስበው በሴሚስተር ነው፤ በግንቦት አጋማሽ የለቀቀ የ12ኛ ክፍል መምህር ሕጉን ቢያሟላም ወላጅ አይረሳለትም። ነርስ ወይም ሐኪም የተረኛ ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት ማሳወቁ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። በድርጅት ወጪ የሠለጠነ ሰው ደግሞ ከማንም በፊት የአገልግሎት ግዴታ ውሉን ያንብብ፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከዚያ ዕዳ ነፃ አያወጣውም።

የቤት ሠራተኛዋ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለበዓል አገር ቤት ሄዳ ሳትመለስ ስትቀር አሠሪዎች ያማርራሉ። ሆኖም «ልሄድ ነው» ብላ የተናገረች ልጅ በዚያው ቀን ያለ ደመወዝ የምትባረርበት ቤት መኖሩን ከእኩዮቿ ሰምታለች። ማስጠንቀቂያ የሚፈልግ አሠሪ ማስጠንቀቂያ የሰጠችውን የማይቀጣ መሆን አለበት።

ባሕር ማዶ ያሉትስ?

ከአገር የወጣ ሰው የአገሩን 30 ቀን ይዞ መሄድ የለበትም። በአሜሪካ የተለመደው ሁለት ሳምንት ልማድ እንጂ የፌዴራል ሕግ ግዴታ አይደለም፤ ከሞንታና በስተቀር በሁሉም ግዛቶች መነሻው ሁለቱም ወገን በማንኛውም ጊዜ መለያየት ይችላል የሚል ነው። እዚያ ከደመወዝ ይልቅ የሚታሰበው የጤና መድን ነው፤ ብዙ ቀጣሪዎች ዘንድ መድኑ እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሚዘልቅ ከወሩ ማለቂያ ይልቅ በወሩ መጀመሪያ ቀናት መውጣት ይጠቅማል። በእስራኤል በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ የወር ደመወዝተኛ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ቀን ያስጠነቅቃል፤ አንድ ዓመት ሲሞላው ግዴታው አንድ ወር ይሆናል። በጀርመን መነሻው አራት ሳምንት ነው፤ ማብቂያውም የወሩ 15ኛ ወይም የመጨረሻ ቀን ላይ መዋል አለበት። በቂ ምክንያት ሳይኖረው በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ደግሞ በመደበኛው ለ12 ሳምንት የሥራ አጥ ድጎማ ይታገድበታል።

በዓረብ አገሮች ስህተቱ ከገንዘብ በላይ ያስከፍላል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የግል ዘርፍ ማስጠንቀቂያው እንደ ውሉ ከ30 እስከ 90 ቀን ነው፤ የቤት ሠራተኞች በተለየ ሕግ ይተዳደራሉ። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) በአሠሪው ስም በሆነበት አገር ሳይናገሩ መውጣት «ሁሩብ» (ኮብላይ) ተብሎ እስከ መታሰርና መባረር ያደርሳል። እዚያ «ጥፋ» ብሎ የሚመክር ሰው የሚጠፋበትን ቦታ አያውቅም። በደልና ጥቃት ሲኖር ወደ ቆንስላ ወይም ወደ አገሩ የሠራተኛ ቢሮ መድረስ ይቀድማል።

ሚዛኑ

ሦስቱን ምክሮች መልሰን ብንመዝን የመጀመሪያው ይደፋል፤ ከሁለተኛው ግን የሚወስደው አለ። ደብዳቤ የሚገባው የአዲሱ ቤት የተፈረመ ወረቀት በተያዘ ማግሥት ነው። ከዚያ በፊት መንገር ራስን ማጋለጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዘግየት ተገቢ የሚሆነው የሚቆጠር ጥቅም፣ እንደ አምስተኛው ዓመት ወይም እንደ ቦነሱ ያለ፣ ሲኖር ብቻ ነው። 30 ቀኑ ሙሉ ይሰጥ፤ ሥራው በ30 ቀን የማይረከብ ከሆነ ከአዲሱ ቀጣሪ ተጨማሪ ሳምንት ይጠየቅ። «ጥፋ» የሚለው ምክር ግን በአንቀጽ 32 ምክንያት ላለው ሰው እንኳ አይጠቅምም፤ እሱም ቢሆን ጽፎ ነው የሚወጣው።

አሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። ለለቀቀ ሰው በመጨረሻው ቀን ክሊራንሱንና የሥራ ልምዱን አዘጋጅቶ የሚሰጥ ቤት ቀጣዩ ሠራተኛ በጊዜ እንዲያሳውቀው ያደርጋል። የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት በነፃ መስጠት ውለታ ሳይሆን የአዋጁ ግዴታ ነው። ልትለቁ ያሰባችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ውላችሁን አውጡና የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ የቀራችሁን ፈቃድና ያለባችሁን ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ደብዳቤው የሚገባበት ቀን ከዚያ ወረቀት ላይ ይገኛል።